ቀይ አፋፍን ማን ፈታው

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ኮሚቴ ማለት ቲሸርት ለብሶ ፎቶ የሚነሡበት አልነበረም። ቁጭ በሉ እስቲ። ማስረሻ፣ አንተም ቁጭ በል፣ ሊቀመንበር ሲሆኑ መቆም ግድ ነው ያለህ ማነው? ዘይነባ፣ ወደ እኔ ጠጋ በይ፣ ፀሐዩ ዓይንሽን ይወጋሻል። የመጣችሁበትን ሰምቻለሁ። አዲስ ተመርጣችሁ የማኅበሩ መሪ ሆናችኋል፣ እንደ እኛው ያለ ደመወዝ፣ ያለ አበል፣ በፈቃዳችሁ፣ እሰይ፣ ደግ አደረጋችሁ። እና አሁን ሰዉ ቀይ አፋፍ ላይ ከብት እየለቀቀ አስቸገረን፣ እንደ ድሮው ቄሱን ለምነን እናስገዝተው፣ እርስዎም ከድሮዎቹ የቀሩ እርስዎ ብቻ ነዎትና ይመርቁን ነው የምትሉኝ። መመረቅ ምን ይከብዳል? እመርቃለሁ። ግን መጀመሪያ ታዳምጡኛላችሁ፣ መሐል ላይ ስልክ የሚነካካ ካለ ከአሁኑ ይውጣ።

ታዲያ ያኔ ቀይ አፋፍ ስሙ እንደሚለው ቀይ ነበር። ዛሬ አስታውን፣ ወይራውን፣ ሣሩን ስታዩ «ለምን ቀይ አሉት?» ትላላችሁ፣ እውነታችሁን ነው፣ አላያችሁትማ። ቆዳው የተገፈፈ በሬ ይመስል ነበር። ዝናም ሲጥል ጎርፉ ደም መስሎ ይወርድና የኛን የገብስ ማሳ ይዞት ይሄዳል፣ ወዴት ይሂድ፣ ተከዜ ይግባ እንጃለት። እና ወንድሜ ደሳለኝ፣ የእናቴ ልጅ ነው፣ ታላቄ፣ እኔ አያ ነበር የምለው፣ አንድ ቀን ጎርፉ የበላውን ማሳ ሲያይ ቆየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ትርንጎ፣ እኛ እኮ አፋፉን በላነው። አሁን ደግሞ እሱ እየበላን ነው።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?» አልኩት።

«ይረፍ። ከብት አይግባበት። እንደ ሰው ይረፍ።»

እንዲህ ብሎ ጀመረው። ከዚያ በኋላ ነው ማኅበር የሆነ፣ ከዚያ በኋላ ነው የወረዳ ሰው መጥቶ ያጨበጨበ። መጀመሪያ አራት ሰዎች ነበርን። ደሳለኝ አለ። እኔ አለሁ፣ ሴት ይግባ ሲባል የገባሁ፣ አፏ አያርፍምና ትጠቅመናለች ብለው። መምሬ ውብሸት አሉ፣ የሁላችን የነፍስ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና። አራተኛው እድሪስ ነው፣ የዚች የዘይነባ አባት። እድሪስ ዳባት ከተማ ሱቅ ነበረው፣ እኛ አገር ደግሞ አንድ በሬ ነበረው። ደሳለኝም አንድ በሬ ነበረው፣ ቦራ የሚባል፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። እና ሁለቱ ቅንጃ ነበሩ። የዛሬ ልጆች ቅንጃ ታውቃላችሁ? አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሰዎች በሬያቸውን አጣምደው ያርሳሉ፣ ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን። የአንዱ በሬ ከሞተ የሌላው ቆሞ ቀረ ማለት ነው። ቅንጃ ከወንድም ይብሳል፣ ወንድም ሲጣላህ ይቀርብሃል፣ ቅንጃ ሲጣላህ ግን ጾምህን ታድራለህ።

እና በተራ እንጠብቅ አልን፣ ልክ እናንተ እንደምታደርጉት። ጠበቅን። ሰዉ ግን ከብቱን ያስገባል። ስንይዘው ደግሞ ወሬው አያልቅበትም። አንዱ «ሾልኮብኝ ነው» ይላል። አንዱ «እኔ አላስገባሁትም፣ በሬው ነው እኔን ጎትቶ ያስገባኝ» ይላል፣ ሙልጭ ያለ ውሸታም! አንዷማ፣ ስሟን አልጠራም፣ ልጆቿ አሁንም እዚህ ሰፈር አሉ፣ ላሟ ሣሩ መሐል ተኝታ ስታመሰኳ ደረስንባትና፣ «እኔስ ላሜን ፍለጋ መጣሁ፣ እናንተ እዚህ ምን ታደርጋላችሁ?» አለችን። አዎ፣ ሳቁ፣ እኛም ስቀን ነበር። ደሳለኝ ብቻ አልሳቀም። አፋፉ ላይ ገና ያቆጠቆጠችውን ሣር በእጁ እየዳሰሰ፣ «ግዝት ካልሆነ ይህን ሰው የሚመልሰው የለም» አለ።

መምሬ ውብሸት መጀመሪያ እምቢ አሉ። አሁን ድረስ ድምፃቸው በጆሮዬ አለ፣ ቀስ ብለው ነበር የሚናገሩ።

«ደሳለኝ፣ ግዝትን አጥር አስመሰልከው። አጥር የዘለለ ሰው ቢሰበር እግሩ ነው። ይኼ የሚሰብረውን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ መምሬ። ስለማውቅ ነው የምለምንዎ። በዓመት አንድ ጊዜ በኅዳር ሚካኤል እርስዎ ይፈቱታል፣ ሰዉ በማጭድ አጭዶ ይወስዳል፣ ከዚያ መልሰው ይገዝቱታል። ማን ይጎዳል?»

አሰቡ፣ አሰቡና እሺ አሉ። ይኼን ጊዜ ነው ወንድሜ ያቺን የጨመራት። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር፣ እድሪስም ነበር፣ ሁላችንም ሰምተን «ብልህ ነው» ብለን ነው ራሳችንን የነቀነቅን።

«መምሬ፣ አንድ ነገር ይጨመርበት» አለ። «ሌላ ቄስ እንዳይፈታው ያድርጉልን።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«የኛን ሰው ያውቁት የለ? አንዱ ጠላውን ይጠምቅና ከሌላ ደብር ቄስ ጠርቶ፣ አጠጥቶ፣ ‹አባቴ ይፍቱኝ› ይላል። ግዝቱ በአንድ ገንቦ ጠላ ይፈታል። ከእርስዎ አፍ ወይም ካስተማሩዎት ከመምህርዎ አፍ በቀር የሚፈታው እንዳይኖር።»

መምህራቸው ጃናሞራ ማዶ ሸለቆ ውስጥ ያለ ገዳም የሚኖሩ መነኩሴ ነበሩ። መምሬ ቅዳሴውን የተማሩት ከእርሳቸው ነው። እና መምሬ እንደገና አሰቡና፣ «ይሁን» አሉ። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ የምለው ምንድን ነው፣ ያኔ ከአራታችን አንዳችን እንኳ፣ እንዲያው አንዳችን እንኳ፣ «ሁለቱም ቢሞቱስ?» አላልንም። የመምሬን ሞት ማሰብ ነውር ይመስለን ነበር።

የግዝቱ ዕለት ሚካኤል ነበር። ቅዳሴ እንዳበቃ መምሬ፣ «እድሪስ ደጀ ሰላም ቆሞ ከሚጠብቀን ሁላችን አብረን አፋፉ ድረስ እንሂድ» ብለው መስቀላቸውን ይዘው እስከ አፋፉ ግርጌ ወረዱ፣ አገሩ ሁሉ ተከተላቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሳይፈታ ወደዚህ አፋፍ ከብት ያስገባ፣ ማጭድ ያሳረፈ፣ እንጨት የቆረጠ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ውግዝ ይሁን። ከእኔ አፍ በቀር፣ ከመምህሬም አፍ በቀር የሚፈታው አይኑር» አሉ። ሰዉ «አሜን» አለ። እድሪስ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» አለ። አንዱ ቀልደኛ፣ «እድሪስ፣ አንተን እንደሆነ የኛ ግዝት አይይዝህ፣ ምን አደከመህ?» ቢለው፣ ምን አለው? «ግዝቱ ባይዘኝ አፌ ይይዘኛል» አለው። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ታዲያ ከዚያ በኋላ አፋፉ እንዴት ያለ ሆነ መሰላችሁ! ሰው ፈራ። ቢሞት አይነካውም። ሣሩ ወገብ ደረሰ፣ ጠፍቶ የኖረው ምንጭ ግርጌው ላይ ብቅ አለ፣ ቆቁ፣ ሚዳቋው፣ ጭላዳው መጣ። በየዓመቱ በሚካኤል መምሬ ይፈታሉ፣ ወንዱም ሴቱም ማጭዱን ይዞ ይገባል፣ የደከመውን ጎረቤቱ ያጭድለታል፣ ሣሩ ተሸክመውት ሲሄዱ ሰው አይታይም፣ ሣር ብቻውን የሚሄድ ነው የሚመስል። ከዚያ መልሰው ይገዝታሉ። ከሩቅ አገር ሁሉ እየመጡ ጎበኙን። ደሳለኝን፣ «እንዴት አደረጋችሁት?» ሲሉት፣ «ዝም አልነው፣ ራሱ አደገ» ይላቸው ነበር። ደስ ይለው ነበር ወንድሜ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

እና መምሬ ውብሸት ሰኔ ላይ ሞቱ። ሲያርሱ ውለው፣ «ደከመኝ» ብለው ጋደም አሉ፣ በነጋታው የሉም። አለቀስን፣ ቀበርን፣ ተዝካራቸውን አወጣን። አፋፉን ያሰበ አልነበረም። ከዚያ ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፣ ቶሎም ወጣ። ገብሱ አገዳ እንኳ ሳያወጣ ደረቀ። እህል ሲጠፋ ጭድም ይጠፋል፣ ጭድ ሲጠፋ በሬም ይጠፋል፣ በሬ ሲጠፋ የሚመጣውን ዓመት ማን ያርሳል? ብቻ ቀይ አፋፍ፣ ያ ምንጭ እርጥበት ይዞለት፣ ሣሩ እንዳለ ቆሟል። «አፋፉ አለን» እያልን ተጽናናን።

ሚካኤል ደረሰ። ሰው ሁሉ ማጭዱን ስሎ አፋፉ ግርጌ መጣ። መጥቶ ቆመ። ማን ይፍታው? እርስ በርሱ ተያየ። አዲሱ ቄስ፣ ደግ ሰው ነበሩ፣ ወጣት ናቸው፣ «ሥልጣን የመምሬ ውብሸት የግላቸው አይደለም፣ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ እኔ ልፍታላችሁ» አሉ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው፣ «አባቴ፣ እርስዎ ያን ቀን አልነበሩም። ‹ከእኔ አፍ በቀር› ሲሉ በዚች ጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ልጆቼን በውግዘት ሣር አላሳድግም» አሉ። ሌላው ተቀበለና «እኔም»፣ «እኔም»። ጎንደር ወርደን ጳጳሱን እንለምን ያለም ነበር። «መምህራቸው በሕይወት እያሉ? ስማቸው ግዝቱ ውስጥ አለ እኮ» ተባለ። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ገዳሙ ድረስ ማን ይሂድ? የተነሣ የለም፣ የሳልነውን ማጭድ ይዘን ወደ ቤታችን ተመለስን።

እናንተ ሬሳ የሚመስል ከብት አይታችሁ አታውቁም፣ አያሳያችሁ። ጎድኑ ይቆጠራል። ይተኛና መነሣት ያቅተዋል፣ አንዱ በቀንዱ፣ አንዱ በጭራው ይዞ ያቆመዋል። ሰው የቤቱን ክዳን እየመዘዘ ለከብቱ ሰጠ፣ ጥላሸት የጠጣ የጣራ ሣር! እና በሬው የጣራ ሣር እያኘከ ዓይኑ ወደ አፋፉ ነው። ሽታው ይመጣለታላ። እንስሳው ግዝት አያውቅ፣ ገመዱን እየበጠሰ ወደዚያው ይሄዳል፣ ባለቤቱ እያለቀሰ ይመልሰዋል። እኔ ሽማግሌ በበሬ ፊት ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው።

ከዚያ የሰው ዓይን ሁሉ ወንድሜ ላይ ሆነ። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ ዝም ይላሉ። አንዷ ግን አልቻለችም፣ «ትርንጎ፣ ወንድምሽ ቆልፎ ቆልፎ ቁልፉን ከመምሬ ጋር ቀበረው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ደሳለኝ ከሰው ጋር መዋል ተወ። ቦራ አጠገብ ይቀመጣል፣ ግንባሩን ያሻሸዋል፣ የራሱን ቂጣ ቆርሶ ያጎርሰዋል።

አንድ ጠዋት፣ «ትርንጎ ተነሺ፣ ዳባት እንሂድ፣ እድሪስ ጋ» አለኝ። ዳባት ደረስን፣ እድሪስ ሱቁ ውስጥ ጨው ይመዝን ነበር፣ ሲያየን ሚዛኑን ተወና ወንበር አቀረበ። ዘይነባ፣ አንቺም ነበርሽ፣ ልጃገረድ ነበርሽ ያኔ፣ ውኃ አመጣሽልን። ደሳለኝ ውኃውን ሳይነካ ጀመረ።

«እድሪስ፣ እኛ ታስረናል። አንተን ግን ግዝቱ አይይዝህም። ግባና እጨደው። እያጨድክ በአፋፉ ጠርዝ ወደ ታች ወርውረው። ታች የወደቀውን እኛ እናነሣለን። እኛ አልገባን፣ ማጭድ አላሳረፍን።»

እድሪስ ሚዛኑ ላይ የቀረውን ጨው ወደ ጆንያው መለሰው። ከዚያ ምን አለ?

«አያ ደሳለኝ፣ በሬዬም እዚያው ነው ያለው። ከቦራ ጋር ነው የሚሞተው። ብችል እምቢ እልሃለሁ? ግን ያን ቀን ከእናንተ ጋር ቆሜ አሚን ብያለሁ። እናንተ የኔን አሚን አልቆጠራችሁት ይሆናል፣ ፈጣሪዬ ግን ቆጥሮታል። አንተ የታሰርክበት ቃል እኔንም አስሮኛል።»

ወንድሜ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። አፈረ፣ ልጆቼ። የጓደኛውን ቃል ከራሱ ቃል አሳንሶ አይቶት ነበርና አፈረ። እድሪስ ከመደርደሪያው ዞሮ መጣና ትከሻውን ያዘው። «ያሰረው ሰው ሞቷል፣ የሚፈታው ግን በሕይወት አለ አይደል?» አለው። ደሳለኝ ጋቢውን ገለጠና፣ «አለ። ያን ቃል ያስጨመርኩት እኔ ነኝ፣ እኔው እሄዳለሁ» አለ።

ጥምቀት እንዳለፈ ሄደ። ዛሬ ብትሆኑ ስልክ ትደውላላችሁ። ስልክማ ያኔም ነበር፣ መነኩሴው ያሉበት ሸለቆ ግን ኔትወርክ የለም፣ ቢኖርስ ግዝት በስልክ ይፈታል? «እስከ ደባርቅ በመኪና፣ ከዚያም ጃናሞራ የሚሄድ ጭነት መኪና አይጠፋም» አልኩት። «ይፍቱኝ ብሎ የሚሄድ ሰው በእግሩ ነው የሚሄድ» አለኝ። ያ ዕድሜ፣ ያ ደረት፣ በዚያ ብርድ! በሶውን አሰርኩለት። ከአጥሩ ወጥቶ ተመለሰና፣ የረሳው ነገር ያለ መስሎኝ፣ «ትርንጎ፣ ቦራን ውኃ አጠጪልኝ» አለኝ። ይኼው ነው። ሌላ አላለኝም።

ጠበቅን። ቦራ መነሣት አቃተው፣ በአፉ ውኃ እያንቆረቆርኩ ጠበቅሁ። እና አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እድሪስን ከአንድ የማላውቀው ሰው ጋር ወደ ግቢዬ ሲመጣ አየሁት። እድሪስ ጫማውን በእጁ ይዞታል። ሰው ጫማውን አውልቆ ወደ ቤትሽ ሲመጣ መርዶ እንደሆነ ነጋሪ አያሻሽም። ነጠላዬ ከራሴ ወደቀ።

ሰውዬው አዳነ ይባላል፣ የጃናሞራ በቅሎ ነጂ ነው። ወንድሜን ከሸለቆው መውጫ ጀምሮ አብሮት መጥቷል። ብርዱ ደረቱን ያዘው፣ ተራራው ፓርክ ውስጥ፣ ሳንቃ በር ሲደርሱ መቆም አቃተው። የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ስካውቶቹ፣ ተሸክመው ቤታቸው አስገቡት፣ እሳት አነደዱለት፣ የራሳቸውን ካፖርት አለበሱት፣ እግዜር ይስጣቸው። እዚያው ዐረፈ። ሬሳውን በመኪና ሊያመጡልን ነው፣ አዳነ ቀድሞ ዳባት፣ እድሪስ ሱቅ መጣ፣ ደሳለኝ «ወደ እህቴ እርሱ ያደርስሃል» ብሎት ኖሯል።

እኔ ስጮህ አገሩ ተሰበሰበ። እና አዳነ በሰው ፊት ቆሞ ተናገረ። «ሲያጣጥር ‹ተፈቷል በሏቸው› ብሎኛል» አለ። ሰዉ አለቀሰ፣ የሚያመሰግንም ነበር። ከዚያ አዳነ ቀስ ብሎ፣ «እማማ፣ ለብቻዎ የምነግርዎ አለኝ» አለኝ። ወደ ጓሮ ዞርን።

ይኼን ከመምሬ በኋላ ለያዝኳቸው የነፍስ አባት እንጂ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ማስረሻ፣ አሁን ስማ።

መነኩሴው የሉም ነበር። ወንድሜ ሳይደርስ ዐርፈዋል። የደረሰው መቃብራቸው ላይ ነው፣ አፈሩ ገና አልጠነከረም። ቀኑን ሙሉ እዚያ አፈር ላይ ተቀምጦ ዋለ፣ በኋላ ለአዳነ እንደነገረው። ከዚያ ተነሥቶ መንገድ ጀመረ፣ ሳንቃ በር እሳቱ ዳር ነው የተናገረ። «አልተፈታም ካልኳቸው ከብቱ ያልቃል፣ ከብቱ ካለቀ ሰው ያልቃል። ተፈቷል በሏቸው። ግዝቱ በእኔ ይሁን፣ ውሸቱም በእኔ ይሁን፣ በሌላ በማንም አይሁን። እህቴ ግን እውነቱን ትወቅ። ስለ ነፍሴ የምትለምንልኝ አንድ ሰው፣ የምትለምንበትን ትወቅ።»

እንዲህ ነው ያለ። የእናቴ ልጅ።

ከጓሮ ስመለስ ሰዉ ይከራከራል። እኚያው ‹በውግዘት ሣር አላሳድግም› ያሉት ሽማግሌ፣ «መነኩሴው ሲፈቱ ከደሳለኝ ሌላ ማን ሰማ?» ይላሉ። ማንም ወደ አፋፉ አልተንቀሳቀሰም። እኔ ምን ልበል? ከተናገርኩ የወንድሜ ሞት ከንቱ ነው። አፌን በነጠላዬ ያዝኩት። እና እድሪስ፣ ከኋላ ነበር የቆመ፣ ሰዉን እየከፈለ ወጣ። ማጭዱን ከዳባት ይዞት መጥቷል ለካ። «እኔ አሚን ብዬ የታሰርኩ ሰው ነኝ። ደሳለኝ ተፈቷል ካለ ለኔ ተፈቷል» አለ። ብቻውን ወጣ፣ ሁላችንም እያየነው። ጎንበስ አለና አጨደ። የመጀመሪያዋን እቅፍ ይዞ ወረደ፣ የራሱ በሬ እዚያው በረት እያለ ለቦራ አቀረበለት። ቦራ ተኝቶ በላ። ይኼን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ገባ።

ሬሳው ሲደርስ አፋፉ በሰው ሞልቶ ነበር። መኪናው ሲመጣ ማጭዳቸውን እየጣሉ ወረዱ። ሣር ትከሻቸው ላይ እንዳለ ነው የተሸከሙት፣ ወንድሜ ሣር ሣር እየሸተተ ተቀበረ።

ከብቱ ተረፈ። ሁሉም አይደለም፣ ግን ተረፈ። ቦራ በሰኔው ከእድሪስ በሬ ጋር ተጠምዶ አረሰ። ከዚያ ወዲህ ግዝት የለም፣ እንደገና ይገዘት ያለም የለም፣ እስከ እናንተ ድረስ። እኔ ተዝካሩን አውጥቻለሁ፣ በየዓመቱም አስቀድሳለሁ። ለነፍስ አባቴ ስነግራቸው፣ «የእግዚአብሔር ምሕረት ከሰው ግዝት ይሰፋል» አሉኝ። ደግ ቃል ነው። ግን ወንድሜ የት እንዳለ አላውቅም፣ ልጆቼ። የታሰረ ነው የተፈታ አላውቅም። ሰው ወንድሙን ቀብሮ የት እንዳለ አለማወቅን ለጠላቴም አልመኝም።

ደግሞ ሌላ አለ። ዘይነባ፣ አንቺን ነው። አባትሽ ያቺን አሚን ምን ያህል እንደሚያከብራት ሱቁ ውስጥ አይቻለሁ። እና ወንድሜን አምኖ፣ ሳያውቅ ገባ። አሚኑን ሳያውቅ አፈረሳት። እስኪሞት ድረስ በዚህ ግቢ ባለፈ ቁጥር ልነግረው አፌን እከፍታለሁ፣ ሳየው ደግሞ እተወዋለሁ። ይኼ ነው የሚበላኝ።

ትርንጎ ይህን ብለው የዘይነባን ፊት አዩ። ዘይነባ ራስ መሸፈኛዋን አስተካክላ ቀስ ብላ ተናገረች።

«እትዬ፣ አባቴ ያውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«አዳነ ወደ እርስዎ ከመምጣቱ በፊት እኛ ሱቅ አልነበር የመጣ? ‹ተፈቷል ብሏል› ሲለው አባቴ፣ ‹መነኩሴውስ ምን አሉ?› ብሎ ጠየቀው። አዳነ መሬት መሬቱን አየ። አባቴ በሩን ገርበብ አደረገና፣ ‹ቅንጃዬ ነው፣ ንገረኝ› አለው። ነገረው። እኔ ከመደርደሪያው ኋላ ነበርኩ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።»

«አውቆ ነው የገባ?»

«ማጭዱን ሲስል እናቴ፣ ‹አሚን ያልከውስ?› አለችው። ‹ደሳለኝ ቀንበር ብቻውን ጎትቶ አያውቅም፣ ዛሬም ብቻውን አይጎትትም› ብሏት ወጣ።»

ትርንጎ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ከዚያ ሳቅ አሉ፣ ሳቁም እንባውም አብሮ መጣባቸው።

«አይ እድሪስ! እኔ ልነግረው አፌን ስከፍት፣ እሱ ደግሞ ለኔ እንዳይነግረኝ ሲሸሸኝ ኖረ በይኛ!»

ቆየት ብለው ወደ ማስረሻ ዞሩ።

«በሉ፣ መርቄያችኋለሁ፣ ሂዱ። ግዝቱን ተዉት። በተራችሁ ጠብቁ፣ ሰዉ ቢዋሻችሁም ጠብቁ፣ ውሸታም ከሞተ ከብት ይሻላል።»

ተነሡ። ዘይነባም ልትነሣ ስትል ትርንጎ እጇን ያዟት።

«አንቺ ግን ቆዪ። ማጭዱን ሲስል ያለውን እንደገና ንገሪኝ።»